ቁጥር የሌላት ጀልባ

ኑሪ መቅዘፊያውን በሁለት እጁ አንስቶ አወረደው። ጀልባዋ ውስጥ በጀርባው ተንጋሎ የነበረው ሰው ጮኸ፤ ለመነሳት ሲታገል ጀልባዋ ወዲያና ወዲህ ተናወጠችና ውሃ ገባባት።

"ሌባ! ዛሬ የት አባህ ታመልጣለህ!" አለ ኑሪ ሁለተኛውን ምት እያነሳ። "ክረምቱን ሙሉ ስትጫወትብን ከርመህ!"

ከኋላው በርናባስ ባትሪ ይዞ ቆሟል። ብርሃኑ መጀመሪያ ቁጥር ያልተጻፈበት የጀልባዋ አፍንጫ ላይ አረፈ፤ ቀጥሎ በቀይ ፌስታል የተጠቀለለ ትንሽ ባትሪ ላይ፤ በመጨረሻም ሰውየው ፊት ላይ። በርናባስ የፈራው ደረሰ። ሰውየው ሌባ አልነበረም። የልጁ የሊድያ የፊዚክስ አስተማሪ ኤልናታን ነበር። ይባስ ብሎ ጀልባዋ የራሱ የበርናባስ ነበረች።

ኤልናታንም አየው። ከቅንድቡ የሚወርደው ደም ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ ብርሃኑን በእጁ ከልሎ ከባትሪው ኋላ ያለውን ፊት ለየው። ከንፈሩ ተከፈተ። አሁን ስሜን ይጠራል ብሎ በርናባስ ባትሪውን ዝቅ አደረገ።

አልጠራውም።

"ሌባ አይደለሁም" አለ ኤልናታን። "ኮከብ ነው የምቆጥረው።"

"ምን አልክ?"

"ተወርዋሪ ኮከብ። ዛሬ ሌሊት በብዛት ነው የሚወርዱት። እባካችሁ ቀና ብላችሁ እዩ።"

ኑሪ ቀና ብሎ አላየም። "ሰማህ በርናባስ? ኮከብ ይቆጥራል ጌታው! የኔን መረብ በምላጭ እየተለተለ ኮከብ ይቆጥርልኛል!" ብሎ የመቅዘፊያውን ጫፍ ጎኑ ላይ ደቀነና ገፋበት። ኤልናታን ትንፋሽ አጥሮት እጥፍ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ቀን በፊት ኤልናታን ዓሣ አስጋሪዎቹ ከሚያርፉበት ከአሞራ ገደል ድረስ በእግሩ መጥቶ በርናባስን መረብ ሲጠግን አገኘው። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ ሲናገር እጁን የሚያወናጭፍ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው ነው።

"ጋሽ በርናባስ፣ ጨለማ ቦታ እንዲፈልጉልኝ ነበር የመጣሁት" አለ።

"እንዴ! ከተማው ሁሉ መብራት ጠፋ ብሎ ያለቅሳል፣ አንተ ጨለማ ትፈልጋለህ?"

ኤልናታን ሳቀና አስረዳው። በየዓመቱ ነሐሴ ስድስት ለሰባት አጥቢያ ተወርዋሪ ኮከቦች ከሌላው ጊዜ ይበዛሉ። ሊድያ ከቤቷ ግቢ፣ ከመንገዱ መብራት ሥር ሆና ትቆጥራለች። እሱ ደግሞ በዚያው ሰዓት ከሐይቁ ጨለማ ውስጥ ይቆጥራል። ከዚያ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያይተው የከተማው መብራት ስንቱን ኮከብ እንደሚደብቅ ያውቃሉ። ታቦር ተራራ ላይ እንዳይወጣ በሌሊት ጥበቃዎቹ አያስጠጉም፤ ሐይቅ ዳር እንዳይቀመጥ የሆቴሎቹ አምፖል አላሳይ ይለዋል።

"ደመናውስ? ክረምት እኮ ነው።"

"ከለቀቀን እናያለን። ካልለቀቀን ለዓመት!"

እውነቱን ለመናገር በርናባስ ለኮከብ ደንታ አልነበረውም። ግን ሊድያ ከክፍሏ ሠላሳኛ ትወጣ የነበረች ልጅ ዘንድሮ ሦስተኛ የወጣችው በዚህ ሰው ምክንያት ነው። ከትምህርት ሰዓት በኋላ እያስቀረ በነፃ ያስጠናታል። እሱን እምቢ የሚልበት አንጀት ከየት ይምጣ? ችግሩ ጀልባ ነበር። የንጋት ዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር አሥራ አንድ አባላት አሉት። የሁሉም ጀልባ አፍንጫው ላይ የባለቤቱ ቁጥር ተጽፎበታል፤ የበርናባስ ዘጠኝ ነው። ቁጥር ያላት ጀልባ ያለ ተራዋ በሌሊት ከታየች ባለቤቷ ይባረራል። በርናባስ ግን ሌላ ጀልባ ነበረችው፤ ከአባቱ የቀረች፣ ያልተመዘገበች፣ ጥቁር ውሃ በሚባለው በኩል ሸምበቆ ውስጥ ደብቆ ያኖራት። ማኅበሩ ሲቋቋም መሰበር ነበረባት። አንጀቱ አልቆርጥ ብሎት አስቀራት፤ ኋላም ዓሣ ማስገር በሚከለከልባቸው ወራት ብቅ ይልባት ጀመር። ይህን ከራሱ በቀር የሚያውቅ የለም።

"አደራ ቲቸር" አለው። "ማንም ቢጠይቅህ ከበርናባስ ወሰድኳት እንዳትል። ከሐይቁ ያስወጡኛል፤ እኔ ደግሞ ሌላ ሥራ አላውቅም።"

"ቃሌ ነው ጋሽ በርናባስ" አለ ኤልናታን።

ማኅበሩ ለሌሊት ጥበቃ የሚወጣው ሐሙስ ሐሙስ ነበር። ሰኞ ማታ ግን ኑሪ አዲሱን መረቡን ሦስት ቦታ ተተልትሎ አገኘውና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሊቀመንበሩ ጋሽ ገብረጻድቅ እዚያው ቆሞ "ዛሬውኑ እንወጣለን፣ ሁሉም ይምጣ" አለ። በርናባስ ዞር ብሎ ለኤልናታን ደወለ። ስልኩ ዝግ ነበር። ደግሞ ደወለ፤ ሰባት ጊዜ ደወለ። የስልክ ብርሃን ዓይን ያበላሻል፣ ሲመሽ አጠፋዋለሁ፣ በቀይ በሸፈንኩት ባትሪ ብቻ ነው የምጽፈው ማለቱ ያኔ ትዝ አለው። ቢያንስ ኑሪን ከሸምበቆው ላርቀው ብሎ አብሮት አንድ ጀልባ ላይ ወጣ። ወደ ግራ እንሂድ ሲለው ኑሪ እሺ እያለ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዞሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ኑሪ በጨለማው ውስጥ አንዲት ቀይ ነጥብ አየ። አለቀ።

ጀልባዋን በገመድ አስረው እየጎተቱ ወደ ዳር መቅዘፍ ጀመሩ። ኤልናታን እጅና እግሩ በመረብ ገመድ ተጠፍሮ ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

"ኑሪ፣ ሰውየው ሌባ ባይሆንስ?" አለ በርናባስ ቀስ ብሎ።

"ታዲያ ምንድን ነው? ቁጥር የሌላት ጀልባ፣ የተሸፈነ ባትሪ፣ ከኔ መረብ ሃያ ክንድ ርቀት! ሌላ ምን እንዲያሳይህ ትፈልጋለህ? መረቤን ጥርሱ ላይ አንጠልጥሎ?"

"ምላጭ አልያዘም እኮ።"

"ውሃ ውስጥ ጥሎታል። አንተ ደግሞ ዛሬ ምን ነክቶሃል?"

በርናባስ ጎንበስ ብሎ መቅዘፉን ቀጠለ።

ዳር ላይ ሌሎቹ ባትሪያቸውን አብርተው ይጠብቁ ነበር። ኤልናታንን በብብቱ ይዘው ከጀልባዋ አወጡትና እየጎተቱ የዓሣ ሾርባ ከምትሸጠው ከሙሉጌጥ ዳስ ፊት ለፊት መሬት ላይ ጣሉት። ሙሉጌጥ ዳሱ ውስጥ ነው የምታድረው። በጫጫታው ነቅታ ነጠላዋን እያጣፋች ወጣችና አየችው።

"ጫማውን እዩት!" አለች። "በክር የሚታሰር ጫማ አድርጎ ውሃ ላይ የሚሰርቅ ሌባ የት አገር ነው ያያችሁት?"

"አንቺ ወደ ድስትሽ ተመለሽ" አላት ጋሽ ገብረጻድቅ።

ገብረጻድቅ ስድሳን የተጠጋ፣ ክረምት ከበጋ የወታደር ካፖርት የማያወልቅ ሰው ነው። የማኅበሩ ሊቀመንበር ነው፤ በቀበሌው ደግሞ የአንድ ለአምስቱ ጠርናፊ። በሰኔ ወር አራት መረቦቹ በአንድ ሌሊት ጠፍተውበት፣ ከዚያ ወዲህ ሲስቅ ያየው የለም። ጎንበስ ብሎ የኤልናታንን ኪስ ፈተሸ። እርሳስና ትንሽ ደብተር አወጣ። ደብተሩን ለኑሪ አቀበለው።

"አንብብ።"

ኑሪ በባትሪ እያበራ ገለጠው። "ነሐሴ ስድስት ለሰባት፣ ሁለት ሺህ አምስት ዓ.ም." ከዚያ በታች ጭረት ነው፤ አራት ቋሚ ጭረት፣ አምስተኛው አግድም፣ እንደገና አራት፣ እንደገና አግድም። ዓሣ አስጋሪዎቹ ሁሉ አንገታቸውን አሰገጉ። ጭረቱን ያውቁታል። እነሱም የጣሉትን መረብ የሚቆጥሩት ልክ እንደዚያ ነው።

"ከሰባት እስከ ስምንት ሰዓት፣ ሃያ ስምንት" አነበበ ኑሪ። "ከስምንት እስከ ዘጠኝ፣ ሠላሳ ዘጠኝ። ከዘጠኝ በኋላ አራት።" ገጹን ገለበጠና ድምፁ ተለወጠ። "'አብዛኞቹ ያሉት በሰሜን ምሥራቅ ነው።' ጋሽ ገብረጻድቅ! የኔ መረብ የተጣለው በሰሜን ምሥራቅ ነው!"

ጉርምርምታው እንደ ንብ ተነሳ። አንዱ በእርግጫ የኤልናታንን ወገብ አለው። ሌላው ምራቁን ተፋበት።

"ስለ ሰማዩ ነው የጻፍኩት" አለ ኤልናታን። አፉ አብጦ ቃሉ ይንሻፈፋል። "ኮከቦቹ ከዚያ አቅጣጫ ነው የሚመጡት። አስተማሪ ነኝ።"

"የት ነው የምታስተምረው? ማን ያውቅሃል እዚህ?" አለ ገብረጻድቅ።

ኤልናታን የቆሙትን ሰዎች በዓይኑ ዞረ። በርናባስ ላይ ሲደርስ ዓይኑን አላቆመም፤ አለፈው። "ማንም አያውቀኝም" አለ።

"ይህችን ጀልባ ማን ሰጠህ? እሱን ንገረንና እንለቅሃለን። የምንፈልገው ባለቤቷን ነው።"

"ሸምበቆ ውስጥ አገኘኋት።"

"ለፖሊስ እንስጠው" አለ በርናባስ። ድምፁ ከራሱ ጆሮ ራቀበት።

"ለፖሊስ?" ገብረጻድቅ ዞረበት። "ያለፈውን ሰጥተን በማግስቱ እዚሁ ሲጋራ እያጨሰ አልመጣም? ጥሪ ይደረጋል።"

ጥሪ የሚሉት ነገር የጀመረው ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ያኔ አንድ የመረብ ሌባ ተደብድቦ ክስ መጣና ከአባላቱ አንዱ በሌላው ላይ መሰከረ፤ የተመሰከረበት ስድስት ወር ታሰረ። ከዚያ በኋላ ገብረጻድቅ ዘዴ አበጀ። ሌባ ከተያዘ የማኅበሩ ስም ዝርዝር ይወጣል፤ እያንዳንዱ በቁጥሩ ተጠርቶ አንድ አንድ ጊዜ ይመታል። የማይመታ ከሌባው ጋር ነው። ሁሉም ከመታ ማን በማን ላይ ይመሰክራል?

ኑሪ አንድ የተሰበረ የመቅዘፊያ እጀታ አመጣ። ገብረጻድቅ ከካፖርቱ ኪስ የታጠፈች ወረቀት አወጣ።

"አንድ" አለና ወረቀቱን ለኑሪ ሰጥቶ ራሱ ጀመረ። ያሳረፈው የኤልናታን ትከሻ ላይ ነበር። የሽማግሌ ክንድ ነው ያለ ተሳስቷል። ኤልናታን በደረቱ ተደፋ። "ጀልባዋ የማን ናት?"

"አገኘኋት።"

"ሁለት!" ኑሪ መታ። "ሦስት!" ሦስተኛው ሰው ጀርባውን አለው። አራተኛው ጉልበቱን። አምስተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ሰነዘረ፤ እጀታው ኤልናታን ፊት ላይ አረፈ። ደሙ በአፍንጫው ወረደ። በየመሃሉ ገብረጻድቅ ያችኑ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ኤልናታንም ያችኑ መልስ ይመልሳል። ድምፁ ግን በየጥያቄው እያነሰ ሄደ።

ሙሉጌጥ "ኧረ በእመቤቴ! ኧረ ሰው ልትገድሉ ነው!" እያለች ትጮሃለች። የሚሰማት አልተገኘም።

"ስድስት!" "ሰባት!" "ስምንት!"

በርናባስ መናገር ይችል ነበር። ሦስት ቃል ነበር የሚያስፈልገው፤ ጀልባዋ የኔ ናት። በርናባስ ሦስቱን ቃላት አፉ ውስጥ አገላበጣቸው። ከዚያ የሊድያ የትምህርት ቤት ቦርሳ ታየው፤ ከዚያ ከሐይቁ ተባርሮ ቱላ መንገድ ላይ ድንጋይ የሚፈልጠው የቀድሞ ጓደኛው ታየው፤ ከዚያ እነዚህ አሥር ሰዎች የተተለተለውን መረብ ሁሉ በሱ ላይ ሲቆጥሩበት ታየው።

"ዘጠኝ!"

እጀታውን ተቀበለ። በደም ተለቅልቆ ያሟልጫል። ኤልናታን አሁን በጀርባው ተንጋሎ ነበር፤ አንድ ዓይኑ ብቻ ክፍት ነው። በርናባስ ጭኑን ቸብ አደረገው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ኑሪ። "ዝንብ ነው የምታባርረው?"

"ጀልባ ላይም ሲያንገራግር ነበር" ብሎ ወደ ሌሎቹ ዞረ።

ባትሪዎቹ ሁሉ ከኤልናታን ተነስተው ወደ በርናባስ ዞሩ። ገብረጻድቅ አንድ እርምጃ ቀረበ። "በርናባስ፣ ታውቀዋለህ እንዴ ይሄን ሰው?"

"ከየት አውቀዋለሁ ጋሽ ገብረጻድቅ!"

"እንግዲያው ድገም።"

ምን ይደበቃል፣ በዚያች ቅጽበት በርናባስ ኤልናታንን ጠላው። ዝም በማለቱ ጠላው። ስሜን ጠርቶ ቢገላግለኝ ምናለበት፣ ለምን ከኔ ይበልጣል ብሎ ጠላው። እጀታውን አንስቶ ባለ በሌለ ኃይሉ አወረደው። ኤልናታን ፊቱን ለመከላከል የታሰሩ እጆቹን አነሳ፤ ምቱ ክንዱ ላይ አረፈና አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ሁሉም ሰሙት።

ልክ ያኔ ሰማዩ በራ። ከታቦር ተራራ በላይ የተነሳ አንድ ትልቅ ኮከብ በደመናው ክፍተት ታይቶ፣ አረንጓዴ ጭራ እየጎተተ፣ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ ጠፋ። ውሃው ላይ የጀልባዎቹ ጥላ ለአንድ አፍታ ታየ። አሥራ አንዱም ሰዎች አፋቸውን ከፍተው ቀና አሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ በርናባስ ብቻ፣ ከሁሉም ቅርብ ስለነበረ፣ ከመሬት የመጣውን ሹክሹክታ ሰማ።

"ሰባ ሁለት" አለ ኤልናታን።

"አሥር!" ብሎ ጮኸ ኑሪ፣ ከድንጋጤው ቀድሞ ነቅቶ። አሥረኛው መታ። አሥራ አንደኛው ሲመታ ኤልናታን ድምፅ አላሰማም።

"ሞተ እንዴ?" አለ አንዱ።

ማንም ቀርቦ አላየም። ኑሪ እጀታውን ውሃ ውስጥ ወረወረና ወደ ጎን ዞሮ አስመለሰው። ገብረጻድቅ ወረቀቱን ከኑሪ ወስዶ አጥፎ ኪሱ ከተተ። "ሁሉም መቷል፣ ሁሉም ዝም ይላል" አለ። "ጀልባዋን ነገ ጠዋት አቃጥላታለሁ። አሁን ወደየቤታችሁ!" ባትሪዎቹ አንድ በአንድ ጠፉ። የሚሮጥም ነበረ።

ከማኅበርተኞቹ በርናባስ ብቻ ቀረ። ተንበርክኮ ጆሮውን ደረቱ ላይ ለጠፈ። ልቡ ይመታል፤ ቀስ ብሎ፣ ግን ይመታል።

"እትዬ ሙሉጌጥ! ባጃጅ!"

የሙሉጌጥ የወንድም ልጅ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ደውላ ቀሰቀሰችው። ሲመጣ ደሙን አይቶ አላስገባም አለ፤ ሙሉጌጥ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ አነጠፈችና "እኔ አጥብልሃለሁ፣ ንዳ!" ብላ ጮኸችበት። ጉድጓድ በገጨ ቁጥር ኤልናታን ያቃስት ነበር። በርናባስ የተሰበረውን ክንድ በሁለት እጁ አቅፎ ይዞታል። ያው ራሱ የሰበረውን ክንድ።

ሆስፒታል ሲደርሱ ነርሷ አልጋ እየገፋች መጣች።

"ምኑ ነህ?" አለችው።

"መንገደኛ ነኝ። ወድቆ አግኝቼው ነው።"

አንዴ ኤልናታንን፣ አንዴ የበርናባስን እጅ አየች። "ሰውን እንዲህ አድርጎ የሚጥል መንገድ የት ነው ያለው? ለፖሊስ አስታውቃለሁ፤ ደንብ ነው።"

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወጥታ ነገረችው። ክንዱ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ ሦስት ጎድኖቹ ተሰብረዋል፤ ነፍሱ ትተርፋለች። ግራ ዓይኑን ግን ሐኪሙም ገና አላወቀም። ገብተህ እየው፣ ነቅቷል አለችው። በርናባስ መግባት አልፈለገም። ገባ።

ኤልናታን በፋሻ ተጠቅልሎ ተኝቷል። የቀረችው ዓይኑ ፈልጋ አገኘችው።

"ጋሽ በርናባስ" አለ። "አልነገርኳቸውም።"

በርናባስ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ይቅርታ ሊል ነበር፤ ግን የትኛውን ይቅር በለኝ ይበል? ዝም ማለቱን ነው መምታቱን? ነርሷ መጥታ አስወጣችው።

ቤቱ ሲደርስ ነግቷል። ሊድያ ግቢው ውስጥ ፍራሽ ዘርግታ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ፣ ደብተሯን ደረቷ ላይ አድርጋ ነበር። ስታየው ተነስታ ወደ እሱ ሮጠች፤ ዓይኗ በእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል፣ ፊቷ ግን በርቷል።

"አባዬ! እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሃያ ሦስት፣ ከዘጠኝ በኋላ አሥራ ስድስት! አንዱን ብታይ አረንጓዴ ነበር፣ ቤቱን ሁሉ አበራው! አሁን ቲቸር ስንት እንደቆጠረ ማወቅ ብቻ ነው የቀረኝ።"

"ሰባ ሁለት" አለ በርናባስ።

አፉ ነው የተናገረው። ሊድያ እርሳሷን አውጥታ ጻፈችው፤ የሷን ደምራ ሠላሳ ዘጠኝና ሰባ ሁለት፣ ጎን ለጎን። ከዚያ ቆመች።

"ግን አንተ እንዴት አወቅህ?" አለች። ቀና ብላ ስታየው ልብሱን አየች። "አባዬ፣ ይሄ ደም የማነው?"

"ወደ ቤት ግቢ" አላት። "ስመለስ እነግርሻለሁ። ሁሉንም እነግርሻለሁ።"

ወደ ሐይቁ ተመለሰ። ባጃጅ አልያዘም፤ በእግሩ ሄደ። አሞራ ገደል ሲደርስ ማኅበርተኞቹ ተኮልኩለው ቆመዋል። ነርሷ እንዳለችው አድርጋለች፣ ባጃጅ ነጂውም ቦታውን ተናግሯል፤ አንድ ፖሊስና አንድ የቀበሌ ታጣቂ ጀልባዋ አጠገብ ቆመው ነበር። ገብረጻድቅ ቤንዚን የያዘችውን ጀሪካን ከካፖርቱ ኋላ ሸሽጓል፤ ለማቃጠል ዘግይቶ ነበር የደረሰው።

"እንደገና ልጠይቃችሁ" ይላል ፖሊሱ። "እዚህ ቦታ ሌሊት ምን ተደረገ? ይህች ጀልባስ የማን ናት?"

"ምንም አላየንም" አለ ገብረጻድቅ። "ጀልባዋም የኛ አይደለችም። የኛ ሁሉ ቁጥር አላቸው፤ ቆጥረህ ማየት ትችላለህ። ይህች ከማዶ የመጡ ሌቦች ጥለዋት የሄዷት ናት። እርስ በርስ ተጣልተው ይሆናል፣ እኛ ምን እናውቃለን!"

ሌሎቹም በአዎንታ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ኑሪ መሬት መሬት ያያል። ሙሉጌጥ ከዳሷ በር ላይ ቆማ በርናባስን ታየዋለች።

በርናባስ በመካከላቸው አለፈ። ኑሪ ጀልባውን የሚለስንበት ሬንጅ በቆርቆሮ ሆኖ እሳት ላይ ተጥዷል፤ ብሩሽ ተነክሮበታል። ብሩሹን አነሳ።

ገብረጻድቅ በርናባስ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ገባው። ተጠግቶ፣ ፖሊሱ እንዳይሰማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "በርናባስ፣ አንተም መተሃል" አለው።

"አዎ ጋሽ ገብረጻድቅ" አለ በርናባስ፣ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ። "እኔ ሁለት ጊዜ ነው የመታሁት።"

ከዚያ ጀልባዋ ፊት ተንበረከከ። የኤልናታን ደም አሁንም ወለሏ ላይ አለ። አፍንጫዋን በእጅጌው ጠረገና ብሩሹን አሳረፈባት።

"አንተ! ምን እያደረግህ ነው?" አለ ፖሊሱ።

"ቁጥሯን እየጻፍኩ ነው" አለ በርናባስ፤ ዘጠኝ ቁጥርንም ከሩቅ እንድትነበብ አድርጎ፣ አወፍሮ ጻፋት።